ያልሞተው አሳ፦ የእርሻ ኬሚካል በጣና አሳ ደም ላይ ምን ያደርጋል?

ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካልና ስለ አሳ ሲነሳ ቶሎ የሚጠየቀው «ስንት አሳ ሞተ?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ብዙ ነገር ያሳልፋል። ከሽንኩርት ማሳ ታጥቦ ወደ ጣና ሐይቅ በሚፈሰው ጉማራ ወንዝ የሚገባ ኬሚካል አብዛኛውን ጊዜ አሳን ወዲያው በሚገድል መጠን አይደርስም። ጥቂት በጥቂት፣ ደጋግሞ፣ ከአንድ ዓይነት በላይ ተደባልቆ ነው የሚደርሰው። እንዲህ የተነካ አሳ ይዋኛል፣ ይመገባል፣ መረብ ውስጥም ይገባል፤ ገበያ ላይ ከሌላው አይለይም። ጉዳቱ የሚታወቀው ደሙ ሲመረመር ነው።

ደም ለጣና አሳ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚያሳስበው ለምን እንደሆነ ከኦክስጅን መጀመር ይሻላል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ስለሆነ፣ ውኃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ እዚህ እስኪጠግብ ኦክስጅን ቢይዝ እንኳ በአንድ ሊትር 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። እዚያው በባሕር ዳር ከተማ አንድ ሊትር አየር ከዚህ ከ30 እጥፍ ያላነሰ ኦክስጅን አለው። አሳ የሚኖረው በዚህች ጠባብ ልክ ነው። በውኃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን አጥምዶ ለጡንቻውና ለአንጎሉ የሚያደርሰው ቀይ የደም ሕዋስ ነው። ስለዚህ በሰው ላይ ድካም ብቻ የሚያስከትል የደም ማነስ፣ አሳ ላይ መዋኘት፣ ማደንና መራባት መቻል አለመቻሉን ይወስናል።

የአሳ ቀይ ሕዋስ ከሰው ይለያል። የሰው ቀይ ሕዋስ አስኳል የለውም፤ የአሳው ሞላላ ነው፣ መሐሉ ላይ አስኳል አለው፣ በመጠንም ይበልጣል፣ ቁጥሩ ግን ያነሰ ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ቀይ ሕዋስ ሲኖር፣ በቀረሶ (ቲላፒያ) ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከ1 እስከ 2.5 ሚሊዮን ነው። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነት የሚመረትበት ቦታ ነው። አሳ ደም የሚሠራ መቅኒ የለውም። ደሙ በዋናነት የሚሠራው ከጭንቅላቱ ኋላ በሚገኘው የኩላሊቱ የፊት ክፍልና በጣፊያው ነው። ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን የሚያመነጩት ሕዋሳትም እዚያው የኩላሊት ክፍል ውስጥ ናቸው። ኩላሊትን የሚጎዳ ኬሚካል እንግዲህ ቆሻሻ ማስወገጃውን ብቻ አይመታም፤ የደሙን ፋብሪካም አብሮ ይመታል።

ኬሚካሉ ወደ አሳው የሚገባበት ዋናው በር ስንጥቡ ነው፤ በጉንጩ ሽፋን ሥር ያለው ቀዩ መተንፈሻ አካል። ደምና ውኃ እዚያ የሚለያዩት እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን ነው፤ ኦክስጅን እንዲገባ የተሠራው ይህ ስስነት ለኬሚካልም መንገድ ይሆናል። ስንጥቡ ሲቆጣ ያብጣል፣ ሽፋኑ ይወፍራል፣ ንፍጥ ያመነጫል። አሳው ኬሚካሉን በመጠኑ ይከላከላል፤ ግን በዚያው ኦክስጅንንም ራሱ ላይ ይዘጋል።

ደሙ ላይ የሚሆነው ነገር በጊዜ ይለያያል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኬሚካል የነካው አሳ ደሙ ወዲያው አይቀንስም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችና ሰዓታት አሳው ይደነግጣል፣ አድሬናሊን ይለቃል፤ ጣፊያው ይኮማተርና ያጠራቀመውን ቀይ ሕዋስ ወደ ደም ሥር ይረጫል። ሕዋሳቱ ራሳቸውም ውኃ ስበው ያብጣሉ። በዚህ ሰዓት ደሙን የወሰደ ሰው «ይህ አሳ ጤነኛ ነው፤ ደሙም ወፍራም ነው» ሊል ይችላል። ልኬቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ትርጉሙ ነው።

መነካቱ ለቀናትና ለሳምንታት ሲቀጥል ግን የቀይ ሕዋስ ቁጥር ይወርዳል። የሚወርድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም አብረው ይሠራሉ። አንደኛው የሕዋሱ መፍረስ ነው። ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች በሰውነት ውስጥ ሲብላሉ ኃይለኛ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ይፈጥራሉ፤ እነዚህ የሕዋሱን የስብ ሽፋን ይበሉታል፣ ሕዋሱ ይሰነጠቃል፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይፈሳል። ሁለተኛው የምርት መቀነስ ነው፤ የኩላሊቱ የፊት ክፍል ሲጎዳ የሞተውን የሚተካ አዲስ ሕዋስ በበቂ አይወጣም። ሦስተኛው መቅጠን ነው። የአሳ ሰውነት ከሐይቁ ውኃ የበለጠ ጨው ስላለው ውኃ ሁልጊዜ በስንጥቡ በኩል ሊገባበት ይገፋል፤ ጤነኛ ስንጥብና ኩላሊት ይህን ይቆጣጠሩታል፤ ሲጎዱ ግን ውኃው ይገባና ደሙ ይቀጥናል።

ሦስቱን ለመለየት አንድ ቁጥር አይበቃም። ለምሳሌ ያህል በኬሚካል ያልተነካ ቀረሶ ሄማቶክሪቱ (ከደሙ ውስጥ የሕዋሱ ድርሻ) 30 በመቶ፣ ቀይ ሕዋሱ 2 ሚሊዮን፣ ሄሞግሎቢኑ በ100 ሚሊ ሊትር 8 ግራም ነው እንበል። የተነካው ደግሞ 24 በመቶ፣ 1.2 ሚሊዮንና 5 ግራም ይሁን። ሄማቶክሪቱን ብቻ ያየ ሰው ደሙ በአምስተኛ ቀነሰ ይላል። የሕዋሱ ቁጥር ግን 40 በመቶ ወርዷል። ልዩነቱ ከየት መጣ? ሄማቶክሪትን በ10 አባዝተን በሚሊዮን ለተቆጠረው ሕዋስ ብናካፍል የአንድ ሕዋስ አማካይ መጠን ይወጣል፤ በመጀመሪያው አሳ 150፣ በሁለተኛው 200 ፌምቶ ሊትር። የቀሩት ሕዋሳት አብጠው የጎደሉትን ቦታ ሸፍነዋል ማለት ነው። ሄሞግሎቢኑን ለሄማቶክሪቱ አካፍለን በ100 ብናባዛ ደግሞ ከ26.7 ወደ 20.8 ወርዷል፤ ያበጠው ሕዋስ ውስጡ የቀለለ ነው። ደሙ ቀጥኖ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ቁጥሮች በእኩል ይወርዱ ነበር፤ የሕዋሱ መጠን አይለወጥም ነበር። ለዚህ ነው ሦስቱን አብሮ ያልለካ ጥናት በእኛ አስተያየት ብዙም የማያስተምረው።

የነጭ ሕዋሱ ጉዳይ በኮርቲሶል በኩል ይመጣል። ይህ ሆርሞን ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ሊምፎሳይት የተባሉት ተከላካይ ሕዋሳት ከደሙ ይቀንሳሉ፤ ኒውትሮፊል የተባሉት ሌሎች ነጭ ሕዋሳት ይጨምራሉ። የጠቅላላ ነጭ ሕዋስ ቁጥር ላይለወጥ ይችላል፤ የሁለቱ ምጣኔ ግን ይገለበጣል። ውጤቱ ሐይቁ ውስጥ ሁልጊዜ ባለ ባክቴሪያና ፈንገስ በቀላሉ የሚጠቃ አሳ ነው። ዓሣ አስጋሪው ቁስል ያለበት አሳ ሲበዛበት ምክንያቱ ከሳምንታት በፊት ወንዙን ተከትሎ የወረደ ኬሚካል ሊሆን ይችላል፤ ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት ግን አይደለም።

የአሳ ቀይ ሕዋስ አስኳል ያለው መሆኑ ለምርመራ አንድ ትልቅ ጥቅም ሰጥቶናል። አንዳንድ ኬሚካል የዘር ቅንጣቱን ሲሰብረው፣ ሕዋሱ ሲከፋፈል የተሰበረው ቁራጭ ከዋናው አስኳል ጎን ትንሽ ክብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ይህ ንዑስ አስኳል ይባላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከዋናው አስኳል ሲሶ የማይበልጥ፣ ቀለሙ ከእሱ ጋር አንድ የሆነ፣ ያልተጣበቀና የማያብረቀርቅ መሆን አለበት፤ የሚያብረቀርቀው አብዛኛውን ጊዜ የቀለም ፍርፋሪ ነው። ከአንድ አሳ ቢያንስ 2,000 ሕዋስ ይቆጠራል። ሥራው ዓይን ያደክማል፤ የሚጠይቀው መሣሪያ ግን ማይክሮስኮፕ፣ ሜታኖልና ጊምሳ ቀለም ብቻ ነው።

የትኛው ኬሚካል ምን ያደርጋል

ማላታይን፣ ዲያዚኖን፣ ክሎርፒሪፎስና ፕሮፌኖፎስ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ወገን ናቸው። ዋና ሥራቸው የነርቭ መልእክትን የሚያቆም ኢንዛይምን ማሰር ነው፤ አሳው ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን ይስታል፣ አተነፋፈሱ ይዛባል። በውኃ ውስጥ ከዲዲቲ ጋር ሲነጻጸሩ ቶሎ ይፈርሳሉ፤ የታሰረው ኢንዛይም ግን ኬሚካሉ ከውኃው ከጠፋ በኋላም ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ማንኮዜብ ለቲማቲምና ለድንች ዋግ የሚረጭ ፀረ ፈንገስ ነው፤ ለሰው ብዙም አደገኛ ያልሆነ ቢመስልም ለውኃ ሕይወት ብርቱ መርዝ ነው። ግላይፎሴት ባለባቸው ፀረ አረሞች ብዙ ጊዜ ስንጥቡን የሚያቆስለው፣ መድኃኒቱ ቅጠል ላይ እንዲለጠፍ የሚጨመረው ሳሙና መሰል ማዋሃጃ ነው።

ከሁሉም ለአሳ የሚከፉት ፓይሬትሮይዶቹ ናቸው፤ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪን። የሰውና የከብት ሰውነት እነዚህን ቶሎ ሰባብሮ ያስወግዳቸዋል፤ አሳ ግን ይህ ችሎታው ደካማ ነው፣ ስንጥቡም ከውኃው አጥብቆ ይስባቸዋል። ላምዳ ሳይሃሎትሪን ስስ በሆኑ የአሳ ዝርያዎች ላይ በ96 ሰዓት ግማሹን የሚገድለው በአንድ ሊትር ውኃ 0.2 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን ነው። ይህን ወደ ማሳው ቋንቋ እንመልሰው። 5 በመቶ የሆነው ያልቀጠነ ፈሳሽ በአንድ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ኬሚካል አለው። በ20 ሊትር መርጫ 20 ሚሊ ሊትር ተበጥብጦ ተረጨ፤ ማሳው ሲያልቅ አንድ ሊትር ተረፈ እንበል። በዚያ ትራፊ ውስጥ 50 ሚሊግራም አለ። ወንዝ ዳር ቢደፋ 250,000 ሊትር ውኃን እዚያ አደገኛ መጠን ላይ ለማድረስ ይበቃል፤ 25 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ማለት ነው። በእርግጥ ፓይሬትሮይድ ጭቃና ቅጠል ላይ ቶሎ ይለጠፋልና ሁሉም በውኃው ውስጥ ተንሳፎ አይቀርም። በበጋ ጠጠሩ የወጣ፣ ፍሰቱ ቀጥ ያለ ወንዝ ግን ያን ያህል ውኃ ራሱ ላይኖረው ይችላል።

መደባለቅ ሌላ መዘዝ አለው። ትሪፕስ የተባለው ተባይ ሽንኩርቱን፣ ቱታ አብሶሉታ የተባለው ደግሞ ቲማቲሙን ሲያስቸግር ሁለትና ሦስት ኬሚካል በአንድ መርጫ መበጥበጥ የተለመደ ነው። ኦርጋኖፎስፌት የሚያስራቸው ኢንዛይሞች ፓይሬትሮይድን የሚሰባብሩትም ጭምር ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ወንዝ ሲገቡ ጉዳታቸው ከድምራቸው ይበልጣል። ተባዩ ላይ እንዲበረታ የተደረገው ድብልቅ በዚያው ምክንያት አሳውም ላይ ይበረታል።

በጋና ክረምት

ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ በአማካይ 9 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻ መሬት ውኃና አፈር ያመጡለታል። በበጋ አደጋው የወንዙ ማነስ ነው። በፎገራና በደራ ሩዙ ከተነሳ በኋላ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጓያ ይቀጥላሉ፤ ሞተር ከወንዙ ይስባል፣ መርጫው እዚያው ወንዝ ላይ ይሞላል፣ እዚያው ይታጠባል። ከባሕር ዳር ወዲያ ወዲህ ባለው በመስኖ የሚለማ ጫትም ርጭቱ ተደጋጋሚ ነው። ኬሚካሉ ጥቂት ቢሆንም የሚያቀጥነው ውኃ የለም።

በክረምት ውኃው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን በሌላ በኩል ይከፋል። አፈር ላይ የተለጠፈው ኬሚካል በመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ከአፈሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። የጉማራና የርብ ውኃ ቡናማ ሆኖ ሐይቁ ሲገባ ያ ሁሉ ደለል አፋፉ ላይ ይረጋል፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ደግሞ ነፋስ ሲነሳ ጭቃውን መልሶ ይበጠብጠዋል።

ነጭ አሳ (ባርበስ የሚባለው ወገን) የሚራባው በዚሁ ጊዜ ነው። በጣና 15 ያህል የነጭ አሳ ዝርያዎች ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ ውጭ የሉም። ከእነሱ ብዙዎቹ በሐምሌ ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፣ በነሐሴና በመስከረም ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ጠጠርና ንጹሕ ፈጣን ውኃ ባለበት ገባር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ቀረሶ በሐይቁ ዳር ስለሚራባ ይህ ጉዞ የለበትም። አምባዛም ዝናብ ሲገባ የሚወጣው ወደ ተጥለቀለቀው ረግረግ ነው፤ ሩዝ ማሳውም እዚያው አጠገብ ነው። ሽቅብ የሚወጣ አሳ ከማንኛውም ጊዜ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ጡንቻው ያለ ዕረፍት ይሠራል። ደለሉ ስንጥቡን ይሸፍነዋል። በላዩ ላይ ቀይ ሕዋሱ በሲሶ ቢወርድ፣ አሳው ባይሞት እንኳ ጠጠሩ ጋ አይደርስም። ከደረሰም እንቁላሉ የሚያርፈው ኬሚካል በተለጠፈበት ደለል መሐል ነው፤ እንቁላልና ጫጩት ደግሞ ከትልቁ አሳ ይልቅ ስስ ናቸው። የጣና ነጭ አሳ መመናመን ሲነሳ መረብና በብርብራ (ዘሩ አሳን የሚያደነዝዝ ዛፍ) ማስገር በትክክል ይጠቀሳሉ። የወንዙ ውኃ ምን ይዞ እንደሚወርድም በዚያው ክብደት መታየት አለበት ብለን እናምናለን።

ደሙን መውሰድና መለካት

ሌሊቱን መረብ ላይ ተይዞ ያደረ አሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲታገል ያደረ አሳ ጣፊያው ተኮማትሯል፣ ኮርቲሶሉ ጣሪያ ነክቷል፤ የሚለካው የመረቡን ጭንቀት ነው። በወጥመድ ወይም በሚጎተት መረብ ይዞ በሐይቁ ውስጥ በተተከለ ሰፊ ማቆያ አንድ ቀን ማሳረፍ ይሻላል። በቅርንፉድ ዘይት ማደንዘዝ ይቻላል። ደሙ የሚወሰደው ከጅራቱ ሥር ነው፤ ከፊንጢጣው ክንፍ ኋላ ከሆዱ በኩል በመሐል መስመር መርፌው የጀርባ አጥንቱን እስኪነካ ገብቶ በትንሹ ይመለሳል፣ ቀስ ተብሎ ይሳባል። 200 ግራም የሚመዝን አሳ በጠቅላላ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ቢኖረው ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሊትር ለሁሉም ምርመራ ይበቃል። ፈጥኖ መሳብ ሕዋሱን ይሰብረዋል፣ በኬሚካል የፈረሰም ይመስላል። እንዳይረጋ ሄፓሪን መጠቀም ይመረጣል፤ ሌላው የመርጋት መከላከያ ኢዲቲኤ የአንዳንድ ዝርያዎችን ሕዋስ ራሱ ያፈርሳል። ብልቃጡ በረዶ ላይ ሆኖ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። በመስታወት ላይ የሚቀባው ደም ግን እዚያው ሐይቁ ዳር ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በሜታኖል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጸናል።

ለሄማቶክሪት ቀጭኗ ቱቦ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ትሽከረከራለች። ለቀይ ሕዋስ ቆጠራ ደሙ 1 ለ200 ቀጥኖ ኒውባወር በተባለው ባለ ካሬ የመስታወት መቁጠሪያ ከመካከለኛው ክፍል 25 ካሬዎች አምስቱ ይቆጠራሉ፤ 150 ከተገኘ በ10,000 ሲባዛ 1.5 ሚሊዮን ነው። የሆስፒታል ደም መቁጠሪያ ማሽን እዚህ አያገለግልም፤ የሰውን አስኳል የለሽ ሕዋስ እንዲያውቅ የተሠራ ስለሆነ አስኳል ያለውን የአሳ ቀይ ሕዋስ ከነጩ ጋር ያደባልቀዋል። ለሄሞግሎቢን 20 ማይክሮ ሊትር ደም ድራብኪን የተባለው መለኪያ ፈሳሽ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ገብቶ በ540 ናኖ ሜትር ይነበባል። እዚህ ላይ የሚረሳ አንድ እርምጃ አለ፦ ሕዋሱ ሲፈርስ አስኳሉ ፈሳሹን ያደፈርሰዋል፣ ማሽኑም ድፍርሱን ሄሞግሎቢን አድርጎ ያነብባል። ከንባቡ በፊት ፈሳሹን አሽከርክሮ አስኳሉን ማስቀመጥ ግድ ነው። ድራብኪን ሲያናይድ ስላለበት በአፍ አይሳብም፣ ከአሲድ ጋርም አይደፋም።

ንጽጽሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በወንዝ አፍ የተያዘ ነጭ አሳ ትናንት ሐይቁ መሐል ሊሆን ስለሚችል የተያዘበት ቦታ ኬሚካሉን ያገኘበት ቦታ ነው አይባልም። ለዚህ ዳር ዳሩን የሚኖረው ቀረሶ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ጤነኛ አሳዎች በኬጅ (ውኃ ውስጥ በሚቀመጥ የመረብ ሳጥን) አድርጎ በወንዙ አፍና ከእርሻ በራቀ ቦታ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ማቆየት ነው። ከየቦታው 15 ያህል አሳ ይወሰድ፤ ጾታው፣ ክብደቱ፣ የውኃው ሙቀትና ኦክስጅን አብሮ ይመዝገብ። ሆዱም ይከፈት፤ የሆድ ዕቃ ትልና አልቅት ያለ ምንም ኬሚካል ደም ያሳንሳሉ። ደሙ ቸኮሌት መሰል ቡናማ ከሆነ ደግሞ ናይትራይት የተባለው ሌላ መርዝ መጠርጠር አለበት።

ማሳው ላይ

መርጫው በወንዝ ዳር አይሞላ፣ አይታጠብም፤ ውኃ በጀሪካን ወደ ማሳው ይወሰድ። ባዶ ዕቃው ሦስት ጊዜ በጥቂት ውኃ ይለቅለቅና ያጠበው ውኃ ተመልሶ መርጫው ውስጥ ይግባ፤ ትራፊው እዚያው የተረጨው ሰብል ላይ ቀጥኖ ያልቃል። ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ በተለይም በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት፣ መርጨት ገንዘቡንም አሳውንም ማጣት ነው። በማሳውና በወንዙ መሐል ሣር፣ ፊላ ወይም ደንገል ያለበት ያልታረሰ መሬት መተው ደለሉን ያስቀረዋል። የሐይቁን መሸሽ ተከትሎ እስከ ውኃው ጠርዝ ማረስ ይህን ማጣሪያ ነው የሚነቅለው።

በዕቃው ላይ ያለው የቀለም ቀበቶ ግን ገበሬውን ሊያሳስተው ይችላል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴው የሚናገሩት ኬሚካሉ ለሰው ያለውን አደጋ ነው። ሰማያዊ ያለበት ለአሳ የዋህ ነው ማለት አይደለም። ለአሳ መታየት ያለበት የአሳ ሥዕል ያለበት ምልክት ነው፤ እሱ ካለ ከውኃ መራቅ የግድ ነው። በ2002 ዓ.ም የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ ኬሚካል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በጠርሙስ ተቀንሶ ያለ ምልክት የሚሸጥ ግን ምልክቱን ማንበብም አያስችልም።

አሳ ተመጋቢው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ደሙ ያነሰበትን አሳ መብላት ደም አያሳንስም። የኬሚካል ቅሪት ግን የተለየ ጉዳይ ነው፤ እንደ ዲዲቲ ያሉት ቆይተው የሚፈርሱ ኬሚካሎች በስብና በሆድ ዕቃ ይከማቻሉ፣ ምግብ ማብሰልም አያጠፋቸውም። የሆድ ዕቃውን መጣል ጥሩ ልማድ ነው። ሞቶ ተንሳፎ የተገኘ አሳ በምንም ምክንያት አይበላም፣ አይሸጥም።

አሳ በብዛት ሲሞት ደግሞ ምክንያቱን የሚነግረው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሊነጋ ሲል፣ ትልልቆቹ ቀድመው፣ አፋቸውን ወደ ላይ እየከፈቱ ከሞቱና አምባዛው ከተረፈ የኦክስጅን ማነስ ይጠረጠራል፤ አምባዛ አየር መተንፈስ ይችላልና። በቀን፣ ትንንሾቹ ቀድመው፣ እየተንቀጠቀጡ ከሞቱ፣ አምባዛውና የውኃ ነፍሳቱም አብረው ካለቁ መርዝ ነው ማለት ይቀላል። ከሞተው አሳ ደም አይወሰድ፤ ከሚያጣጥረው ይወሰድ። የአንጎል፣ የጉበትና የስንጥብ ናሙና በአልሙኒየም ፎይል ተጠቅልሎ በረዶ ውስጥ ይግባ። ውኃው በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ አንድ ሊትር እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ከጠርሙሱ ጋር ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው፣ ባለፉት ሦስት ቀናት ከላይ በየትኛው ማሳ ምን እንደተረጨና ዝናብ መጣል አለመጣሉ ይጻፍበት። ሁሉም በዚያው ቀን ባሕር ዳር ወደሚገኘው የአሳና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ነገ ብሎ የሚያድር ናሙና፣ በተለይ የኦርጋኖፎስፌት ከሆነ፣ ሲደርስ ባዶ ሊሆን ይችላል።